ኮቱን ቅጠሩልን

እጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤታችን ሲመጡ አንድ ቅጽ ተከትሏቸው ይመጣል። የሚሞላው ከኮሌጅ የተላከው ገምጋሚ ነው። የኋለኛው ኮምባይንድ ዴስክ ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ተጣቦ ይቀመጣል። እጩው ገና «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ሳይጨርስ፣ ተማሪዎቹም ከተነሡበት ሳይቀመጡ፣ እስክሪብቶው አንድ ሳጥን ላይ አርፏል። ሳጥኑ «አለባበስ» ይላል። ከዚያ እስከ ደወሉ ያለው ጊዜ ትርፍ ነው፤ ገምጋሚው ስልኩን ያያል።

እኔ የክፍሉ መምህር ነኝ። ቅጹ ሥር «አጋዥ መምህር» በሚለው መስመር ላይ እፈርማለሁ። በፈረምኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ይህ ለጤናዬ ስለማይበጅ ዘንድሮ ማመስገንን መርጫለሁ። ላመሰግን የተነሣሁትም ያንን ሳጥን ነው።

ምስጋናው ሲያንሰው ነው። ማስተማርን መመዘን እኮ አድካሚ ሥራ ነው። ልጁ ክፍልፋይን ሲያስረዳ የቱ ጋ እንደሳተ ለማወቅ መስማት ያስፈልጋል፤ ይባስ ብሎ ክፍልፋይ ማወቅም ያስፈልጋል። ለከረባት ግን ዓይን ይበቃል። አስሯል? አስሯል። ቀጥ ብሏል? ብሏል። አምስት ከአምስት። ዘመድ ከባዳ የማይለይ፣ ይግባኝ የማይባልበት ምዘና በዚህ ሀገር ሌላ የት ይገኛል?

የአለባበሱ ሕግ ለእጩዎቹ የሚነገራቸው ከኮሌጁ ግቢ ከመውጣታቸው በፊት በሚሰጠው ኦሬንቴሽን ላይ ነው። መምህር አርአያ ነው ይባላሉ። እውነት ነው። ስለዚህ ወንዱ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ፣ ሴቷ ከጉልበት በታች የወረደ ጉርድ ቀሚስ ይባላሉ። ከአርአያነቱ ወደ ከረባቱ በምን በኩል እንደተሻገርን የጠየቀ እጩ እስካሁን አልሰማሁም፤ ጠይቆም ከሆነ የአለባበስ ማርኩ ሳይቀነስበት አልቀረም።

ከገበሬ ቤት የመጣ ልጅ ሙሉ ልብስ ከየት ያመጣል? እኛ ሀገር መንገዱ የታወቀ ነው፤ ሚዜ መሆን ነው። ታላቅ ወንድሙ በጊዜ ያገባለት ልጅ ልምምዱን ገና ሳይጀምር አለፈ ማለት ነው። ሚዜ ያልሆነው ልባሽ ጨርቅ ወደሚሸጥበት ገበያ ይወርዳል። ልባሽ ጨርቅ ወደ ሀገር እንዳይገባ የተከለከለ ዕቃ መሆኑን ያው ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ ግን ምን ያድርግ? የታዘዘውን ለብሶ፣ በኮንትሮባንድ ኮት ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ ስለ ሕግ የበላይነት የሥነ ዜጋ ትምህርት ይሰጣል። አርአያነት ከዚህ በላይ የለም።

እኔ ክፍል አንድ ጊዜ የገባው እጩ ከሚዜዎቹ ወገን ነበር። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ኮት፤ ደረቱ ላይ የአበባው መርፌ የወጋው ቀዳዳ ሳይቀር አለ። ስለ ብርሃን አስተፃምሮ ሊያስተምር ነበር የመጣው። በሩን አልፎ ሁለት እርምጃ እንደተራመደ ከኋላ አንዷ እልልታውን አቀለጠችው። ክፍሉ እዚያው አበቃ። ብርሃን አስተፃምሮን በማግስቱ እኔው አስተማርኩ። ገምጋሚው ግን ኮቱን ወዶት ሄደ።

ደግሞ ይህ ሁሉ ልብስ ከተለበሰ በኋላ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ነጭ ጋወን ከተገኘ ይደረብበታል። ጋወን ለመምህር የተሰጠው ከጠመኔ ብናኝ እንዲጠብቀው ነው፤ አንገት ድረስ ይቆለፋል፣ እስከ ጉልበት ይወርዳል። እናም ተበድሮ፣ ተከራክሮ፣ ምሳ ሳይበላ የተገዛው ሙሉ ልብስ ጋወን ሥር ገብቶ ይሰወራል። ለዓለም የሚተርፈው አንገት ላይ የምትታይ ሁለት ጣት ከረባት ናት። በሁለት ጣት ጨርቅ የአንድ ትውልድ መምህራንን መምራት የቻለ ኮሌጅ እንዴት አይመሰገን?

ዋናውን በረከት ግን ገና አልነካሁትም።

እጩዎቹ ድሆች ስለሆኑ ኮት የሚገዙት በማኅበር ነው። አንድ ኮት ለአምስት። መንግሥት ሕዝቡን አንድ ለአምስት ለማደራጀት ስንት ዓመት ስብሰባ ጠራ፣ ስንት ቃለ ጉባኤ አስያዘ! ኮሌጁ ያለ አንድ ስብሰባ አሳካው። ኮቱ በጠዋቱ ፈረቃ አንደኛ ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ያስተምራል። ደወል ሲደወል ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ይሻገርና ሁለተኛው ላይ እንግሊዝኛ ይገባል። ከዕረፍት በኋላ አካባቢ ሳይንስ አለው። የከሰዓቱ ፈረቃ ሲገባ ገና ላቡ ሳይደርቅ አማርኛ ይጀምራል። ለረጅሙ ልጅ እጅጌው ክርኑ ላይ ይቀራል። ለአጭሩ ጣቶቹን ይውጥና ጠመኔው ብቻውን የሚጽፍ ይመስላል። ሁለት እጩዎች በአንድ ሰዓት እንዳይገቡ ክፍለ ጊዜ የሚደለደለውም በኮቱ ነው፤ ይህን ርእሰ መምህሩም፣ እኔም፣ ዘበኛውም እናውቃለን። የማያውቀው ገምጋሚው ብቻ ነው። እሱ በየክፍሉ ያንኑ ኮት እያየ «የዘንድሮዎቹ አንድ ዓይነት ለብሰው መጡ፤ ዲሲፕሊን አላቸው» ብሎ አድንቆ ወጥቷል።

እንግዲህ ሚዛናዊ እንሁን። ልምምዱ ሲያልቅ ማን የበለጠ ልምድ አካበተ? እያንዳንዱ ልጅ ያስተማረው አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። ኮቱ ሁሉንም አስተምሯል። በሁለቱም ፈረቃ ውሏል፣ አንድም ቀን አልቀረም፣ አምስት ጊዜ ተገምግሞ አምስት ጊዜ ሙሉ ማርክ አግኝቷል። ፍርድ ካለ ዲፕሎማው የኮቱ ነው። ልጆቹን ወደየቤታቸው ሸኙና ኮቱን ቅጠሩልን።

ይቀጠርና የሙያ ፈቃድ ምዘናውን ይውሰድ። ጀማሪ መምህር ተብሎ ይመደብ። ከዚያ በደረጃ ዕድገቱ መሰላል መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር እየተባለ እስከ መሪ መምህርነት ይውጣ። ክርኑ ሲሳሳ ይጣፍለት፤ ያ ልምድ ነው። ትምህርት ቢሮዎቻችን እንዲህ ያለ ሠራተኛ በሕልማቸውም አላዩም። ኮት አይርበውም። ደመወዝ ዘገየ ብሎ ወረዳው ደጃፍ አይሰለፍም። የቤት ኪራይ ጨመረብኝ አይልም፤ አንድ ሚስማር ይበቃዋል። ዝውውር ሲፈቀድለት በፌስታል ይላካል፣ የጓዝ ማንሻ የለም። ስብሰባ ላይ አስተያየት አይሰጥም። መዋጮ ሲቆረጥበት በሙሉ ፈቃደኝነት ነው፤ ኪሱ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ በክር የተሰፋ ነውና ቀድሞም የሚገባበት የለም። ከሙያው ለቅቆ ባንክ አይቀጠርም፣ ባጃጅ አይነዳም፣ ዓረብ ሀገር አይሄድም። ወላጅ መጥቶ «ልጄ አምስተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ ያልቻለው ለምንድን ነው?» ብሎ ቢጮህበት ዝም ብሎ ይሰማል፤ ዝምታው ደግሞ ከብዙዎቻችን መልስ ይሻላል።

ጡረታውም ታስቦለታል። ዕድሜው ሲደርስ በሁለት እንጨት ተሰቅሎ ማሽላ ማሳ መሀል ይቆማል፤ ወፍ እየጠበቀ ሀገሩን ያገለግላል። ለመጀመሪያ ጊዜም ሥራው በውጤት የሚመዘነው እዚያ ነው፤ ወፎቹ ወይ ይሸሻሉ ወይ አይሸሹም። ገበሬው የከረባቱን ቋጠሮ አይቶ አምስት ከአምስት አይሰጥም።

ሌሎቹን በረከቶች በአጭሩ ልለፍ። ሰመራ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ከረባቱን ያጠበቀ እጩ የላብን ጥቅም ያለ ምንም የትምህርት መርጃ መሣሪያ ያስተምራል። ከአስፋልት ርቆ ያለ ትምህርት ቤት የደረሰው በጭቃው መንገድ ሁሉ ጫማውን በእጁ ይዞ ሄዶ በሩ ላይ ያጠልቃል፤ ጫማውም ከባለቤቱ ይልቅ ዕድሜ ያገኛል።

ስለ ሴቶቹ ማሾፍ ግን አቃተኝ። አንዷን እጩ ገምጋሚው ከክፍል እንደወጣች መምህራን ማረፊያ ውስጥ ስለ ጉርዷ ርዝመት በሰው ፊት ሲነግራት ሰማሁ። ስላስተማረችው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጥሩ አስተምራ ነበር። በጣም ጥሩ አስተምራ ነበር! ከኋላ ወንበር አፋቸውን ከፍተው የማያውቁ ልጆች እጃቸውን ሲያወጡ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱም እዚያው ነበር፤ የሚያየው ሌላ ነበር እንጂ። የሴት ልጅ ጉርድ መለካት የሚወድ ሰው ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ልብስ ስፌት ይክፈት። ኮሌጅ ውስጥ ምን ይሠራል?

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ይህ ሳጥን ያልነበራቸው ትውልዶች ያሳዝኑኛል። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዛፍ ጥላ ሥር ፊደል ሲያስቆጥሩ፣ ዳዊት ሲያስደግሙ ከረባት አልነበራቸውም። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ ኮቸሮ ለምኖ ቅኔ ሲቆጥር ጫማውን ያስጠረገለት የለም፤ ጫማም የለው። በ1950ዎቹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ሲወሰን ብዙዎቹ የሄዱት ለማስተማር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘማቾች ገጠር ወረዱ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አስተማሪው ያለውን ለብሶ፣ ተማሪውም ከእርሻ መልስ ያለውን ለብሶ በየጥላው ሥር ተገናኙ። ሀገሪቱ ለዚያ ዘመቻ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። ሸላሚዎቹ ከረባቱን ሳያጣሩ መሸለማቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የመምህራን ሥልጠናው ሲከለስ ፕራክቲከም የተባለው ልምምድ ሰፊ ቦታ የተሰጠው እጩው በየዓመቱ ክፍል እየገባ እንዲያይ፣ እንዲሞክር፣ ስለሞከረውም ከነባር መምህር ጋር እንዲነጋገር ነበር። ደግ ሐሳብ ነው። ከዚያ ሁሉ ሐሳብ ተርፎ እኔ ክፍል የደረሰው ሳጥኑ ነው። የተማሪዎቻችን ውጤት ደግሞ ይኸው፤ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት በሁለቱም ዓመት ከመቶ አራት አልሞሉም። ለዚህ ውድቀት መምህሩ ብቻ ተጠያቂ አይደለም። ነገር ግን እንዲህ በወደቅንበት ዘመን ልጁ ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ሳያነቡ ኮሌታውን መመርመር ንቀት ነው። እጩውን መናቅ ነው፤ ፊቱ የተቀመጡትን ሕፃናት ደግሞ የባሰ መናቅ ነው።

መምህር ተዝረክርኮ ይምጣ የሚል የለም። ንጹሕ ልብስ፣ ለመታጠፍም ለመንጠራራትም የሚመች፣ የተማሪውን ዓይን ከሰሌዳው የማይነጥቅ፤ በቃ። ይህን ለመናገር ገጽ አያስፈልግም፣ ማርክም አያስፈልግም። ኮሌጆች ሆይ፣ ሳጥኑን ሰርዙ። ለአለባበስ የምትሰጡትን አምስት ነጥብ እጩው ላልገባው ልጅ መልሶ በሌላ መንገድ ላስረዳበት ቅጽበት ስጡት። ለመምህር ከጋወን የሚሻል የሥራ ልብስ ከሌለ ደግሞ ጋወኑን እናንተው ግዙላቸው፤ ዕቃው የሥራ ነው፣ ወጪውም የቀጣሪና የአሠልጣኝ እንጂ የገበሬ ልጅ አይደለም። ገምጋሚዎች ሆይ፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና ከደወል እስከ ደወል አድምጡ። ይህን ማድረግ የማይሆንላችሁ ከሆነ አትምጡ፤ ቅጹን እኔው እሞላዋለሁ።