የዔሊ ጭቃ

ውሾች በቱላ የእንሰት ማሳ ጠባቂ ሆነው ተሾሙ። ሥራቸው ሥሩን ከጃርትና ከፍልፈል ማዳን ነው፤ ያውቁበታልም፤ ይህን መካድ ነውር ነው።

አንድ የገበያ ቀን ማለዳ፣ ዝናብ ባደረበት የጋራ መስክ፣ ጉዱማሌ ላይ ሚዳቋ እግሯ ተሰብሮ ተገኘች። ውሾቹ «አዳልጧት ነው» አሉ። ከሁሉ ዘግይታ የደረሰችው ዔሊ ግን መሬቱን አየች፦ የውሻ መዳፍ፣ የሚዳቋ ኮቴ፣ እንደገና የውሻ መዳፍ። ሸክላ አፈር አቡክታ ዱካው ላይ ጠፈጠፈች፤ አንሥታም ፀሐይ ላይ አሰጣችው።

የውሾቹ አለቃ ጥርሱን አግጥጦ መጣ።

«ማን ፈቀደልሽ? አጥፊው!»

«ምነው አያ ውሻ?»

«እግሩ የኔ ነዋ! ደግሞ ጃርት መንገዴን ቢያውቅብኝስ?»

«ጃርት እንደሆነ ሽታዎን ከማዶ ያውቀዋል።»

ነገሩ ሽማግሌዎች ከሚፈርዱበት ሶንጎ ደረሰ። ከሐይቅ ዳር የመጣው መላጣው ሽማግሌ ወፍ አባ ኮዳ «አፊኒ? ሰማችሁ ወይ?» ብሎ ጉባኤውን ከፈተ። ፍርድ ቤት ጣሪያ ላይ የምትውለው ቁራ፣ ሰዎች በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ብለው መጻፋቸውን ተናገረች።

ውሻው ሳቀ። «ታዲያ የእነሱስ ጠባቂ ስልክ የደቀነበትን ስልኩን አይቀማም?»

ቁራ ዝም አለች። እዚህ ላይ እንኳ ውሻው አልተሳሳተም።

ዔሊ አንገቷን አወጣች። «እኔ ዕድሜዬ ረጅም ነው። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ሎቄ በሰልፈኛው ላይ ሲተኮስ እዚያ ነበርኩ። ስንት ሰው ሞተ ብትሉ፣ ቁጥሩ ዛሬም እንደ ተናጋሪው ነው። ያኔ ጭቃ አልያዝኩም።»

አባ ኮዳ ፈረደ። «እግሩ የውሻው ነው፤ ጉዱማሌው ግን የሁላችን። በጋራ መሬት የታተመን ዱካ ማንም አያስጠፋም። አንቺም ዔሊ፣ መጀመሪያውን ቆርሰሽ መጨረሻውን ብቻ እንዳታመጪብን።» ለሚዳቋም ካሳ ተቆረጠ፤ አለቃው እያጉረመረመ ከፈለ።

በሚቀጥለው ገበያ ጃርት «እንሰቱን የበላው ዘበኛው ራሱ ነው!» ብሎ ጮኸ። አለቃው ሌሊቱን ከአጥሩ ውጭ ሲዞር እንዳደረ ዱካው ይመሰክርለታል፤ ሰማዩ ግን ጠቁሯል። ዔሊ ደጃፍ ላይ እያለከለከ ደረሰ።

«እሜቴ፣ ጭቃሽን ያዢ! ዝናቡ ሳይመጣ ቶሎ!»

«ቶሎ የሚባለውን አላውቅበትም፤ ከቸኮሉ ይሸከሙኝ።»

አለቃው ጀርባው ላይ አወጣትና ወደ ማሳው ሮጠ።