በጋ ገባ አሉኝ

መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ ሰው ሁሉ «እንኳን ከጨለማው ክረምት ወደ ብሩህ በጋ አሸጋገራችሁ» ይባባላል። ይባባል! ደብረ ብርሃን ላይ ግን ይህ ምርቃት ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው። የእኛ አገር ብርድ የሚጀምረው ዝናቡ ሲያባራ ነዋ።

አዲስ አበባ ያሉት ልጆቼ ይህ አይገባቸውም። ስልካቸውን ያዩና «አባባ፣ ዛሬ እኮ 20 ዲግሪ ነው፤ ምን ሆነው ነው ጋቢ የሚደርቡት?» ይሉኛል። ሃያው የቀን 8 ሰዓት ነው! የሌሊት 11 ሰዓቱን ማን ይናገርልኝ? በኅዳርና በታኅሣሥ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ሌሊት አለ። እኩለ ቀን ላይ አናት የሚበሳ ፀሐይ፣ ጎህ ሲቀድ ሣሩ ላይ ነጭ አመዳይ። በአንድ ቀን ቆላም ደጋም አድርጎን ሲያበቃ፣ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት አካፍሎ «አማካዩ ደህና ነው» የሚል ባለሙያ ይመጣል። እኔ በአማካይ አልተኛም፤ የምተኛው ሌሊት ነው።

የልጅ ልጄ ጂኦግራፊ ይማራል፤ ምክንያቱን አስረድቶኛል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ክረምት ላይ ደመናው ምድር ቀን የቋጠረችውን ሙቀት ሌሊት እንዳታጣው ያግዳል፤ ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ቀኑ ቢጨፈግግም ሌሊቱ 8 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። በበጋ ሰማዩ ይጠራል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ሙቀቱም ሽቅብ ይሄዳል። ገባኝ። እግሬን ግን አላሞቀውም።

የሚገርሙኝ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። በ15ኛው መቶ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየ ብለው እዚህ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ከተሙ፤ የመጨረሻ ዘመናቸውንም አብዛኛውን እዚሁ ኖሩ። ብርሃኑ መውረዱን አልጠራጠርም። ሙቀቱ አብሮ አለመውረዱን ግን አንድ ባለሟል ሹክ ሊላቸው ይገባ ነበር። ብርድ ልብስ ፋብሪካውን እዚህ የተከለው ሰውስ ገበያውን ያወቀ ነው።

አባቶች «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብለው መድኃኒቱን ነግረውናል። ጥሩ፤ የአንዷን አጥንት ዋጋ እስቲ ዛሬ ሉካንዳ ሄዳችሁ ጠይቁልኝ። ደግሞስ ብርዱ በጥቅምት መቼ ያበቃል? ገና መጀመሩ ነው። የሚበረታው ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ነው። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ እስከ ገና ድረስ ቁር ብቻ። ጾሙን አላማሁም፤ እግዜር ይይልኝ። የማማው ጾም ጠብቆ የሚመጣውን ብርድ ነው። «አረቄ እህል አይደለም፣ ጾም አያስፈታም» የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ፤ ስማቸውን አልጠራም።

ውርጩ እኔን ቆፈን አስይዞ ቢመለስ ባልከፋኝ። ማታ አብቦ የተውነው ባቄላ፣ ጠዋት የፈላ ውሃ የተደፋበት መስሎ ጠቁሮ ይገኛል። የወራት ድካም፣ የአንድ ሌሊት ሥራ። እንግዲህ ማንን ትከሳለህ?

አማቼ ሸዋ ሮቢት ነው የሚኖረው፤ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ነው፣ 1,300 ሜትር ገደማ። በታኅሣሥ ይደውልና «ሙቀት ገደለን» ይለኛል። ለእኔ! ስልኩን ለማንሳት ብቻ እጄን ከጋቢ ማውጣት ላለብኝ ሰው! ዘመድ ነውና ዝም ብዬ እሰማለሁ። ማራገቢያ ገዛሁ ያለኝ ቀን ግን ስልኩ ተቋረጠብኝ ብዬ ዘጋሁበት።

ዘንድሮ በእድራችን ስብሰባ ላይ ሐሳብ አቀረብሁ። «ከኅዳር እስከ ጥር ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ማደር ይቅር፤ ካልቀረም ወጣቶቹ ይደሩ፤ አለዚያ በአንዱ ሐዘን ላይ ሌላ እንጨምራለን» አልሁ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ከጋቢያቸው ውስጥ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጸሐፊው፣ ገና ሃምሳ ያልሞላው ጎረምሳ፣ ሐሳቡን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ መዘገበና ለውሳኔ ወደ ሚያዝያው ጠቅላላ ጉባኤ አስተላለፈው። በሚያዝያ ማን ስለ ብርድ ያወራል?