ብቻውን የሚሄድ ሞተረኛ አለ ወይ? የሊማሊሞ ጥናት

ጥናቱ የሚመረምረው በተለምዶ «ሞተሬን ይዤ ብቻዬን ወጣ ብዬ ልምጣ» የሚባለውን ድርጊት ነው። የተካሄደው ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሚወርደው አሮጌው የሊማሊሞ መንገድ ላይ ሲሆን፣ ቦታው የተመረጠው ለብቸኝነት የሚያስፈልገው ሁሉ ስለተሟላለት ነው፤ ገደል፣ ጉም፣ ኮረኮንችና የኔትወርክ መጥፋት። መንገዱ በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራ ነው። ኩርባው በኩርባ ላይ ተደራርቦ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ደባርቅ ላይ በብርድ የተንቀጠቀጠ ሰው ታች ሲደርስ ጃኬቱን ወገቡ ላይ ያስራል።

በመስኩ ቀደምት የሚባለው እስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። በ1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲያመራ ይህንኑ ተራራ ወጥቷል፤ ኋላም ስለ ጉዞው አምስት ቅጽ አሳትሟል። ሆኖም ባሉጋኒ የሚባል ጣልያናዊ ሠዓሊ፣ አሽከሮችና የጭነት ከብቶች አስከትሎ ስለነበር መረጃው ለዚህ ጥናት ብቁ ሆኖ አልተገኘም።

ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። 2,800 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተሩ ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደለመደው ይለቃል። ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ሞተሩ ያስላል፣ ሞተረኛው ይቆማል። መቆሙ ለጥናቱ ወሳኝ ነው፤ ሞተር በጠፋ ቁጥር ልጅ ይመጣልና።

ልጁ ከየት እንደሚመጣ ሳይንስ እስካሁን አላብራራም። ዙሪያውን ቤት የለም፣ ጭስ የለም፤ እሱ ግን ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምቶ ከጎን ቆሟል። ካንዴላው ሲፈታ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ «ስንት ይሄዳል?» ይላል። ቀጥሎ ሌሎች ልጆች፣ ከዚያም በጎች፣ በመጨረሻም አንድ ሽማግሌ ይደርሳሉ። ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ አያውቅም።

«ብቻህን ነህ?»

«አዎ አባቴ።»

«ምነው ልጄ፣ ምን ገጠመህ?»

«ምንም። ለሽርሽር ነው።»

ሽማግሌው ይህን መልስ በትሕትና ውድቅ ያደርጋሉ። በአገሩ ልምድ ሄልሜት አድርጎ በሞተር የሚመጣ ሰው ወይ የግብርና ነው፣ ወይ የጤና፣ ወይ ብድር አስመላሽ። አራተኛ ዓይነት አልተመዘገበም። ስለዚህ ተጓዡ ፊቱ ታይቶ በመጀመሪያው ምድብ ይመደብና ማዳበሪያው ለምን እንደዘገየ ይጠየቃል። «አላውቅም» ማለቱ ምድቡን ያጸናበታል፤ የግብርና ሰውም የሚለው ይህንኑ ነውና። በመጨረሻ «አጣርቼ አሳውቅዎታለሁ» ብሎ ሞተሩን ሲያስነሣ ተስተውሏል።

በጉዞው ሁሉ ምንም ያልጠየቁት አፋፉ ላይ ሣር የሚነጩት ጭላዳዎች ብቻ ናቸው። ይህ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።

ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ ከአንዱ ኩርባ ጥግ ጥላ የያዙ ቄስ ቆመዋል። እጃቸውን አላነሡም፤ አያስፈልጋቸውም። ሞተረኛው ወርዶ መስቀል ይሳለማል፣ እሳቸውም ጋቢያቸውን ሰብስበው ከኋላው ይፈናጠጣሉ። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ብቸኛው ተጓዥ ሁለት ሆነዋል። እርግጥ ሦስት ናቸው፤ ጋቢው ውስጥ ዶሮ መኖሯ የታወቀው ግን ሦስተኛው ኩርባ ላይ ስትጮኽ ነው።

እንዲህ ባለ መንገድ የሚወረደው በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩን ራሱን እንደ ፍሬን እየያዙ ነው። ልቅ ጠጠር ላይ የፊት ፍሬን ጠበቅ አድርጎ የያዘ ሰው ጎማው ከሥሩ ይሸሸዋል፤ የኋላውን ብቻ ሲረግጥ የዋለ ደግሞ የተቃጠለ ሸራ ሽታ እያሸተተ ይወርዳል። ቄሱ ስለ ማርሽ የሚያውቁት ነገር የለም። ነገር ግን በየኩርባው መግቢያ «በስመ አብ» ይላሉ፤ የሚሉበትም ቦታ እጅግ ትክክለኛ ከመሆኑ የተነሣ ሞተረኛው ማርሽ የሚቀንሰው በእሳቸው ምልክት ሆኗል። አንድ ጊዜ ዝም ቢሉ ዞሮ ሊጠይቃቸው ዳድቶት ነበር።

ዛሪማ ሲደርሱ ሂሳቡ በምርቃት ተከፈለ። ምርቃቱ ውስጥ «ጓደኛ ይስጥህ» የሚል ስለነበረበት አጥኚዎቹ ለብቻ መዝግበውታል።

ለማነጻጸሪያ ያህል በሌላ ቀን ሁለት ሞተረኞች በዚያው መንገድ ተልከው ነበር። ልጁ መጣ፣ በጎቹ መጡ፣ ሽማግሌውም መጥተው ሁለቱን ተራ በተራ ካዩ በኋላ «ሦስተኛችሁ የት ቀረ?» አሉ።