ኧረ ትራንክ ውስጥ አይሆንም!

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ወደ ዳላስ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቤት ለሚለቅ ቤተሰብ ሶፋው ተጠቅልሎ፣ ጀበናው ታሽጎ ያልቃል። የልጁ እባብ (ቦል ፓይተን) እና ኤሊው ጋ ሲደረስ ግን መካሪው ይበዛል። ለእያንዳንዱ መልስ አለኝ።

«የእባብ ልጅ እባብ! ትራንክ ውስጥ ወርውሩት!»

ጋሼ፣ የሚወረወረው ሻንጣ ነው! እባብ የሰውነቱን ሙቀት ራሱ አያመነጭም፤ ሙቀቱ የሚመጣው ካለበት ቦታ ነው። ትራንክ ደግሞ ኤሲም ማሞቂያም አይደርሰውም። ከሰው ጋር መኪናው ውስጥ ይቀመጥ፤ መኪናውም ከ21 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን።

«ምሳ እስክንበላ መኪና ውስጥ ይቆያል፤ ፀሐይ ይወድ የለ?»

መሞቅ ሌላ፣ መጠበስ ሌላ! ውጭው 21 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ40 ያልፋል። ቤቱ እያለ ሲሞቀው ወደ ጥላው ይሳባል፤ የሚጓዝበት ሳጥን ውስጥ ግን ወዴት ይሳብ? ምሳውን በየተራ ብሉ!

«ከነመስታወት ቤቱ እንጫነው፤ ለምዶታል።»

ፍሬን ሲያዝ ድንጋዩና የውሃ ሳህኑ የት የሚያርፉ ይመስልሃል? እሱው ላይ ነዋ! እባብ የሚጓዘው በትራስ ልብስ ነው። ጨርቁን ገልብጠህ ስፌቱን በጣትህ ዳብስ፤ ትንሽ ከተተረተረ አፍንጫውን ወትፎ ያሰፋዋል። እባቡን ከትተህ የጨርቁን አፍ ቋጥረህ፣ አየር በሚያስገባና ክዳኑ በሚቆለፍ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው።

«መንገዱ ሩቅ ነው፤ አይጥ አብሉት!»

እትዬ፣ ስንቅ ለሰው ነው! በልቶ የተንገላታ እባብ ያስመልሰዋል። ጤነኛ ጎልማሳ ቦል ፓይተን ሳምንታት ሳይበላ ይቆያል፤ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ያህል ቢጾም አይጎዳም። ውሃውን ግን ማታ በምታድሩበት ስጡት።

«ኤሊው ውሃ ወዳድ ነው፤ ባልዲ ሙላለት!»

በሚናጥ ባልዲ ውስጥ ኤሊም ይሰምጣል! እርጥብ ፎጣ ያነጠፍክበት ሳጥን ይበቃዋል። የነካውም ሰው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ አብሮ ይጓዛል። በ1975 አሜሪካ ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ የከለከለችው ሕፃናት ስለታመሙባት ነው።

«በፖስታ ልካችሁ ተገላገሉ!»

የአሜሪካ ፖስታ ቤት እባብም ኤሊም አይቀበልም! ቴክሳስ ለቦል ፓይተን ፈቃድ አትጠይቅም፤ እንደ አናኮንዳ ላሉት ትልልቆች ግን ትጠይቃለች። ሃዋይማ ለቤት እንስሳነት አንድም እባብ አታስገባም። የምትገቡበትን ግዛት ሕግ ዕቃ ሳትሸክፉ አጣሩ።

«ለእባብ ይህ ሁሉ ልፋት?»

አዎ፣ ለእባብ! ዳላስ እንሂድ ያለው እሱ አይደለም። የወሰናችሁት እናንተ ናችሁ፤ ሙቀቱንም እናንተው ቻሉ!