አዲስ ጨርቅ ቀዶ የመጣፍ ጥበብ፦ አጭር ጥናት

ድሪቶ በአገራችን ማብራሪያ አይጠይቅም። ጨርቁ ያልቃል፣ በእራፊ ይጣፋል፤ እራፊው ያልቃል፣ በላዩ ሌላ ይጣፋል፤ ዕድሜ ከሰጠው የመጀመሪያው ጨርቅ የትኛው እንደነበር ባለቤቱም ይጠፋዋል። ባሕታዊ ወዶ ይለብሰዋል፣ ድኻ ሳይወድ ይለብሰዋል፤ ከሁለቱ ሌላ የለበሰው ካለ ሰፈር ያማዋል። ጥናት የሚያሻው ሌላው ነው፦ በአሜሪካ አገር ጨርቅ ያልቸገራቸው ሰዎች አዲስ ብትን ከሱቅ ይገዛሉ፣ ቤት ወስደው ያጥቡታል፣ ይተኩሱታል፣ በማስመሪያ እየለኩ ይቆራርጡታል፣ ከዚያም ቁርጥራጩን መልሰው እርስ በርሱ ይሰፉታል። ክዊልት ይባላል። ይህ ሐተታ የሚመለከተው ሙሉውን ክዊልት አይደለም፤ ላዩን ብቻ ነው። ለምን ላዩን ብቻ እንደሆነ በቦታው እንደርስበታለን።

ጉዳዩን አስቀድመን ለባለሙያ አቀረብን። መርካቶ ውስጥ በረንዳ ላይ በፔዳል ሲንጀር የሚሰፉ አንድ አዛውንት ናቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ሰው አዲስ ጨርቅ ይዞ መጥቶ ቆራርጠው ይስፉልኝ ቢልዎት ምን ይሉታል?»

«ሱሪ ነው ኮት?»

«የለም፣ መልሶ ጨርቅ እንዲሆን ነው።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ። «እንደነበረው?»

«እንደነበረው። ትንሽ ያንሳል እንጂ።»

«እንግዲህ ልጄ፣ ከሱስ ቀብድ አልቀበልም፤ ሙሉውን ነው የማስከፍለው። እንዲህ ያለ ሰው ልብሱን ሊወስድ አይመለስም» አሉና ፔዳላቸውን ረገጡ።

«ትንሽ ያንሳል» ያልናቸው እንዳይደነግጡ ብለን ነው። የሙያው ሕግ በእያንዳንዱ ጠርዝ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር፣ ለስፌት ይተው ይላል። ጀማሪ ሁሉ የሚነሣበትን «ዘጠኝ እራፊ» የሚባለውን ንድፍ እንውሰድ፤ ሦስት በሦስት የተደረደሩ ዘጠኝ ካሬዎች ናቸው። አንዱ ካሬ ተሰፍቶ ሦስት ኢንች እንዲሆን ሦስት ኢንች ተኩል ሆኖ ይቆረጣል። ስለዚህ ዘጠኙ 110.25 ካሬ ኢንች ጨርቅ ይፈጃሉ፤ ከአጎራባቾቻቸው ጋር ተጋጥመው ሲያልቁ ለዓይን የሚቀረው 81 ነው። የተከፈለበት፣ የታጠበና የተተኮሰ ጨርቅ ከሩብ በላይ የሚሆነው ወደ ውስጥ ታጥፎ ዳግመኛ ብርሃን አያይም ማለት ነው። በማንኛውም ግምጃ ቤት ይህን ያህል ጉድለት ቢገኝ ኮሚቴ ይቋቋምበታል። እዚህ ጉድለቱ በመመሪያው ላይ ሰፍሮ ይሸጣል።

ሩብ ኢንቿም ብትሆን ሩብ ኢንች አይደለችም። ጨርቅ ሲታጠፍ እጥፋቱ ራሱ ቦታ ስለሚበላ፣ ጠበብቱ በአንድ ወይም በሁለት ክር ውፍረት ጎደል ያለች ሩብ ናት ትክክለኛዋ ይላሉ። ይህን የናቀ ሰው ምን እንደሚደርስበት እንይ። ዐሥራ ሁለት ካሬ ያለው መስመር ዐሥራ አንድ መጋጠሚያ አለው። በየመጋጠሚያው ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ቢበላ መስመሩ በ22 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ቀጣዩ መስመር ግን ሌላ ቀን፣ በተረጋጋ መንፈስ የተሰፋ ነውና አላጠረም። ሁለቱ ደግሞ መጋጠም አለባቸው። ረጅሙን ሸብሸብ አድርጎ፣ አጭሩን ጎተት አድርጎ ማስታረቅ ይቻል ይሆናል፤ ካልሆነ መተርተር ነው። ለዚሁ የተዘጋጀች፣ ጫፏ ለሁለት የተሰነጠቀ ትንሽ መተርተሪያ አለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ ስፌት መኪና ጋር በአንድ ሳጥን ትመጣለች። አምራቹ ገዢውን በዓይኑ ሳያየው ችሎታውን ገምቷል።

እግረ መንገዳችንን፣ የድሮ ሰፊዎች «ፍጹም እግዚአብሔር ብቻ ነው» ብለው በየክዊልታቸው ሆን ብለው አንድ ስሕተት ያስገቡ ነበር የሚል አፈ ታሪክ አለ። የክዊልት ታሪክ አጥኚዎች ለዚህ ማስረጃ አላገኙም። እኛም በበኩላችን ለስሕተት ዕቅድ ያስፈለገው ሰው አላገኘንም።

ካውያው የራሱ ሥርዓት አለው። በጨርቁ ላይ አይነዳም፤ ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ይቀመጣል፤ ከተነዳ በተለይ በሰያፍ የተቆረጠውን ይስበዋል። የአንዱ መስመር መጋጠሚያዎች ወደ ቀኝ ከተተኮሱ የሚቀጥለው መስመር ወደ ግራ ይተኮሳል። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲደረቡ ተቃራኒዎቹ እጥፋቶች እየተገፋፉ አንዱ በሌላው ጎን ቁጭ ይላሉ፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ማለት በቂ ነው፣ መያዛቸው ለጣት ይታወቃል። እዚያ ላይ ስፒል ይወጋል። መርፌው አልፎ ጨርቁ ሲገለጥ አራት ማዕዘኖች በአንዲት ነጥብ ላይ ከተገናኙ ሥራው ለጊዜው ይቆምና ሰው ይጠራል። የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ባል ነው። ጎንበስ ብሎ ያያል፣ «በጣም ጥሩ ነው» ይላል፣ ምኑ ጥሩ እንደሆነ ሳይገባው ወደ ቴሌቪዥኑ ይመለሳል።

ንድፉን በተመለከተ አሜሪካኖች ቀልድ አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ1889 የተቋቋመ ሌዲስ አርት የተባለ የሴንት ሉዊስ ድርጅት የክዊልት ንድፍ በካታሎግ እያስመረጠ በፖስታ ይልክ ነበር። ካንሳስ ሲቲ ስታር የተባለው ጋዜጣ ከ1928 እስከ 1961 ድረስ ንድፍ ሲያትም ኖሯል፤ በመሀል የዓለም ጦርነት አልፏል። ባርባራ ብራክማን የተባሉ የታሪክ ጸሐፊ ደግሞ ከ4,000 በላይ ንድፎችን ለቅመው በየቁጥራቸው መዝግበዋል። ችግሩ ስማቸው ነው። «የያዕቆብ መሰላል» አለ፣ «የሚበሩ ዝይዎች» አለ። በአንዱ አካባቢ «የድብ መዳፍ» የተባለው ንድፍ በሌላው «የዳክዬ እግር በጭቃ» ይባላል፤ ስለዚህ ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት ክዊልት ጨርሰው ስለ ሁለት የተለያዩ እንስሳት ሊከራከሩ ይችላሉ። ከሚከብዱት አንዱ በሩብ ክቦች የሚሠራው «የሰካራም መንገድ» ነው። ጎባጣውን ጠርዝ ከሰርጓዳው ጋር ማጋጠም ስለሚጠይቅ፣ ጠብታ ያልቀመሰ ሰው ካልሆነ አይሰፋውም።

በንድፉ ላይ «ፈካ ያለ፣ ደስ የሚል» የሚል ቃል ሲጻፍ ተጨባጭ መመዘኛ አለው፦ የቅቤ ቢጫ፣ ሳሳ ያለ ሮዝ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት አረንጓዴ። ዛሬ የደስታ ናሙና ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ጨርቆች የ1930ዎቹ ግልባጭ ናቸው። የ1930ዎቹ አሜሪካ ደግሞ ባንክ የተዘጋባት፣ ሥራ የጠፋባት፣ እርሻዋን አቧራ የወሰደባት አገር ናት። የዱቄትና የመኖ ፋብሪካዎች ገዢ ለመሳብ የጥጥ ከረጢታቸውን አበባ እያተሙ አወጡ፤ ዱቄቱ ተጋገረ፣ ከረጢቱ ተተርትሮ ቀሚስና ክዊልት ሆነ። አንድ ከረጢት ለቀሚስ ስለማይበቃ፣ ገበሬው የዶሮ መኖ ሊገዛ ሲሄድ ሚስቱ የጨርቅ ቅዳጅ በኪሱ ትከትለትና አምሳያውን አበባ ፈልጎ እንዲመጣ ታዘው ነበር ይባላል። የዶሮዎቹ ምርጫ አልተጠየቀም።

በዚያው ዘመን፣ በ1933፣ ሲርስ የተባለው ትልቅ ነጋዴ ቤት የቺካጎን የዓለም ኤግዚቢሽን ምክንያት አድርጎ አገር አቀፍ የክዊልት ውድድር አወጀ። ከ24,000 በላይ ክዊልት ገባ። የአንደኛው ሽልማት 1,000 ዶላር ነበር። ያሸነፈችው የሌክሲንግተን፣ ኬንተኪ ነዋሪ ስትሆን ክዊልቱ ለፕሬዚዳንቱ ባለቤት ለኤሊኖር ሩዝቬልት ተበረከተ። ቆይተው ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች እንዳወጡት፣ አሸናፊዋ በዚያ ክዊልት ላይ አንዲት መርፌ አልወጋችም፤ ሌሎች ሴቶች በክፍያ ሰፍተውላት ነው። ሽልማቱ ወደ ሰፊዎቹ አልተሻገረም። ከክዊልት ስፌት ለማትረፍ እስካሁን በሰነድ የተረጋገጠው አስተማማኝ መንገድ ይኸው ነው፦ አለመስፋት።

ጥናታችን የተቸገረው አላባማ ሲደርስ ነው። በዊልኮክስ ወረዳ ጂስ ቤንድ በምትባል፣ በወንዝ መታጠፊያ ውስጥ በተቀመጠች መንደር፣ የባሪያዎች ልጆችና የልጅ ልጆች የሆኑ ጥቁር ሴቶች ከነተበ የእርሻ ሱሪ፣ ጉልበቱ ከሳሳ ጂንስ፣ ከላብ ከወየበ ሸሚዝ ክዊልት ሲሰፉ ኖረዋል። ይሰፉ የነበረው ቤቱ ስለሚበርድ ነው። ማስመሪያ እምብዛም አልነበራቸውም፤ መስመራቸው ዘመም ይላል፣ ቀለሙ ከሚጠበቅበት ቦታ ይሸሻል። መርካቶ ያሉት አዛውንት ቢያዩት ያለ አንዳች ማመንታት ድሪቶ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን የሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም በግድግዳ ሰቅሎ አሳየው፤ ሐያስያኑ ከዘመናዊ ሠዓሊዎች ሥራ ጋር አቆሙት፤ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት በቴምብር አተመው። እንግዲህ ሚዛኑ እንዲህ ሆኖ ቆሟል፦ ከእጦት የተጣፈው ብርሃን በተቀነሰበት አዳራሽ «እባክዎ አይንኩ» ተጽፎበት ይጠበቃል፤ ሩብ ኢንቹ ያልተዛነፈው፣ ጥጋብ የጣፈው፣ በሶፋ ላይ ውሻ ይተኛበታል። ይህን ለማስረዳት የሚበቃ ንድፈ ሐሳብ የለንም፤ ውሻው ግን ምቾቱን አልካደም።

ስለ ላዩ ብቻ የምንጽፍበትን ምክንያት ቃል ገብተን ነበር። ክዊልት ሦስት ንብርብር ነው፦ ላይ፣ መሀሉ ጥጥ፣ ከሥር ገበር፤ ሦስቱም አንድ ላይ ሲረመረሙ ነው ብርድ ልብስ የሚሆነው። ቀለም መምረጡ፣ መቁረጡ፣ ማዕዘን ማገናኘቱ፣ ባል መጥራቱ ሁሉ ያለው በላዩ ላይ ነው። የቀረው በጠባብ ማሽን ውስጥ አንድ አልጋ የሚያህል ጨርቅ ጠቅልሎ መግፋት ነው። ስለዚህ ላዩ ሲያልቅ በጥንቃቄ ይታጠፋል፣ ወደ መሳቢያ ይገባል፣ «ለክረምት» ይባላል። በአሜሪካ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ አያት ጀምራው፣ ልጅ ወርሳው፣ የልጅ ልጅ የምትሸጠው፣ ገበር ያላገኘ የክዊልት ላይ መግዛት አያስቸግርም። ስፌቱ አንዳች እንከን የለበትም። ሰው አልሞቀበትም።

መሳቢያው ከተዘጋ በኋላ የቁርጥራጩ ጉዳይ ይቀራል። አይጣልም፤ በክዊልት ሰፊዎች ዘንድ ጨርቅ መጣል ነውር ነው። በቀለም ይለያል፣ ካርቶን ውስጥ ይጠራቀማል። ካርቶኑ ሲሞላ ባለቤቲቱ ለቁጠባ ስትል ከቁርጥራጭ ብቻ የሚሰፋ ንድፍ ትገዛለች። ንድፉን ዘርግታ ስታነበው፣ ቀለሙ ስለሚበዛ በየመሀሉ ዓይን የሚያሳርፍ ነጭ ያስፈልጋል ይላል። አራት ያርድ ነጭ ትገዛለች፣ ታጥበዋለች፣ ትተኩሰዋለች፣ ትቆርጠዋለች። የነጩ ትራፊ ወደ ካርቶኑ ይገባል።