ሞተሩ ሲደክም ቴፑ ይጮሃል

ባለ ሁለት በር መኪና የያዘ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ «አራዳ» ነው። መንዝ ሲገባ ግን ይታዘንለታል። እዚያ ያሉት ዘመዶቼ ሴሊካዬን መጀመሪያ ያዩ ዕለት ዙሪያዋን ዞረው ካበቁ በኋላ አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ለኋለኛው በር ብር አነሰህ እንዴ ልጄ? ምነው ብትነግረን፣ አንድ ሁለት በግ ይሸጥ አልነበር?» አለችኝ። የስፖርት መኪና አሠራሩ እንዲህ ነው ብል ማን ይሰማኛል? በመንዝ ሂሳብ መኪና ማለት ሰው የሚጫንበት፣ ገብስ የሚጫንበት፣ ሲቸግርም በግ የሚጫንበት ነው። እኔ ደግሞ ለአንድ ሰውና ለአንድ ጉራ ልክ የተሰፋ ዕቃ እየነዳሁ መጥቻለሁ።

የጉራውን ቀብድ የከፈለልኝ ሻጩ ነው። «ይህች እኮ ኬንያ ላይ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈች ዘር ናት» አለኝ፣ ኮፈኑን በመዳፉ እየዳበሰ። አልዋሸም። ሴሊካ ከ1984 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ሳፋሪን ሦስት ዓመት በተከታታይ ወስዳለች። ስፔናዊው ካርሎስ ሳይንዝም በ1990 እና በ1992 እ.ኤ.አ. የዓለም ራሊ ሻምፒዮን የሆነው በሴሊካ ነው። ሻጩ የዘለላት ነገር አንዲት ብቻ ናት፤ እነዚያ ሁሉ ተርቦ ነበራቸው። የኔዋ ከ1999 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የተመረተው የመጨረሻው ትውልድ ናት፤ 1.8 ሊትር ሞተር፣ በወረቀት ላይ 140 የፈረስ ጉልበት። ዝምድናው አለ፤ ተርቦው የለም።

በወረቀት ላይ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የፈረሱ ቁጥር የሚለካው በባሕር ጠለል አየር ነው። ሞተር ቤንዚን ብቻውን አያቃጥልም፣ አየር ይፈልጋል፤ አየሩ ደግሞ ሽቅብ በወጣን ቁጥር ይሳሳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ገደማ ጥሎ ነው። 3,000 ሜትርን አልፎ መንዝ ሲወጣ የሚጥለው ወደ ሲሶ ይጠጋል። ስለዚህ ከ140 ፈረሶቼ ሠላሳ አምስት የሚሆኑት ከጅቡቲ ስትመጣ መንገድ ላይ ቀርተዋል። ሌላ አሥር ያህሉ ደብረ ብርሃንን አልፈው ብርዱን ሲያዩ ተመልሰዋል።

ይህን ሂሳብ መንዝ ላይ ለአንድ ሽማግሌ አስረዳሁ። የመንዝ ሰው ፈረስ ሲቆጠር በጥሞና ነው የሚያዳምጠው። ሰምተው ሲጨርሱ «እንግዲያ ዘጠና አምስት ቀርቶሃል ማለት ነው» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«ታዲያ ይኸን ሁሉ ፈረስ ይዘህ ነው ኢሱዙ የቀደመህ?»

የኢሱዙው ወሬ እኔን ቀድሞ ገብቶ ኖሯል። ነገሩ የሆነው ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስወጣ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከተማዋን ለቅቀው ጣሊያን የቦረቦረው ዋሻ አፍ እስኪደርሱ ድረስ ያለው ጥምዝምዝ ለጤነኛ ሞተርም ፈተና ነው። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ መልሼ፣ ቤንዚኑን እስከ ወለሉ ረግጬ፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አልል ስትል፣ በግራዬ ሽንኩርት እስከ ጣራው የጫነ ኢሱዙ ብቅ አለ። እንደሌሎቹ ፈጥኖ ቢያልፍ ምንም አልነበረም። ይኸኛው ቀስ ብሎ ነው ያለፈኝ። ረዳቱ በመስኮት ወገቡ ድረስ ወጥቶ ቀዩዋን መኪናዬን፣ የኋላ ክንፏን፣ ሰፊውን ጎማዋን አንድ በአንድ እያየ ሲያበቃ፣ ከልቡ አዝኖ «ገመድ አለን ጋሼ፣ እንጎትትህ?» አለኝ። ፌዝ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር።

ኢሱዙው ተርቦ አለው። ተርቦ ማለት በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ ስሱን አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያጎርስ ነገር ነው፤ ከፍታውን ለሞተሩ አይነግረውም። የኔዋ ግን ያገኘችውን ተንፍሳ ያላትን ትሰጣለች። አንድ የምትመሰገንበት ነገር አላት፤ ኮምፒውተሯ የአየሩን መሳሳት አይቶ ቤንዚኑንም ስለሚቀንስ፣ እንደ ድሮዎቹ ባለ ካርቡራተሮች ጥቁር ጭስ እየተፋች አገር አታጨልምም። ጨዋ ደካማ ናት።

ይህን ሁሉ ዛሬ እንዲህ ቀለል አድርጌ የማወራው ብዙ ጋራዥ ከዞርኩ በኋላ ነው። በከተማችን ጋራዥ ገብቶ «ጉልበት የለውም» የሚል ሰው ቦርሳውን ከፍቶ እንደቆመ ይቆጠራል። አንዱ ካንዴላ ቀየረ። አንዱ ፊልትሮ ቀየረና ኢንጄክተር አጠበ። ሦስተኛው ማርሚታው ታፍኗል ብሎ በሰፊ ቱቦ ተካውና ጉልበቱ እንደነበረ ቀረ፤ ጩኸቷ ብቻ ሁለት እጥፍ ሆነ። (ይህችን ልብ በሉልኝ፣ የኋላ ኋላ የመራችኝ እሷ ናት።) አራተኛው ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ደቅኖ ለረጅም ጊዜ አዳመጠና «ሞተሩ መውረድ አለበት» ሲል ፈረደ። አምስተኛው ጋ ስደርስ ግን ሽበት ያለው፣ እጁ እስከ ክርኑ በዘይት የጠቆረ መካኒክ ስካነሩን ሰካ፣ ቁጥሮቹን አየ፣ ነቀለ። «የት የት ነው የምትነዳት?» አለኝ። ነገርኩት። «እንዲያ ከሆነ ሞተሩ ሳይሆን ተራራው ነው መውረድ ያለበት» ብሎ ሂሳብ ሳይቀበል ሸኘኝ።

ተራራው እንደማይወርድ ካረጋገጥኩ በኋላ የማርሚታዋን ጩኸት አስታውሼ በጉልበቱ ፈንታ ድምፁን ለመጨመር ወሰንኩ። ጥይቱ ያለቀበት ሰው ፉከራውን እንደሚያስረዝም ማለት ነው። መርካቶ ገባሁ። ልጁ አዲስ ቴፕ፣ በየበሩ ስፒከር፣ ከመስተዋቱ ግርጌ ትዊተር፣ ከወንበሩ ሥር አምፕሊፋየር፣ ከኋላ ደግሞ የሕፃን አልጋ የሚያህል ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ባለ 12 ኢንች ዎፈር ገጠመልኝ። ካርቶኑ ላይ «1200 ዋት» ይላል። ጣት የሚያህል ቀይ ሽቦ ከባትሪው ተነሥቶ ምንጣፉ ሥር ለሥር ኋላ ድረስ ሄደ። የዎፈሩ ሳጥን ስኮርታው ላይ ስለተቀመጠ ጎማ ቢተነፍስ መጀመሪያ ሙዚቃው መውረድ አለበት። ልጁ ይህን ሲያስረዳኝ እንደ ጥቅም ነው የቆጠረው፤ «ሌባ ስኮርታህን አያገኘውም» አለ።

የመጀመሪያው ዘፈን ሲለቀቅ የኋላ መስተዋቱ ደበዘዘ፤ በንቅናቄው ብዛት ምስል መያዝ አቃተው። የኋላው ኮድ 2 ታርጋ በየምቱ እየተንኳኳ አብሮ መዝፈን ጀመረ። የሞተሩ ድካም ከዚያ ዕለት ጀምሮ አልተሰማኝም። ሞተሩ ራሱ አልተሰማኝም።

ነገር ግን የሂሳብ አባዜ ያለበት ሰው ደስታው አይበረክትም። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። የካርቶኑን ጽሑፍ እንመን ካልን (ልጁ ራሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከሲሶው በላይ አትመን» ብሎኛል) 1200 ዋት ማለት ከአንድ ፈረስ ተኩል በላይ ነው። አምፕሊፋየሩ በሙቀት የሚያባክነው አለ፣ አልተርኔተሩ የሚያባክነው አለ፤ የሁሉም ዕዳ በቺንጋ ዞሮ ሞተሩ ላይ ይወድቃል። ለካ የጠፉትን ፈረሶች ሐዘን ለመርሳት የከፈትኩት ዘፈን ከተረፉት ላይ እየበላ ነው! ሌሊት መብራት አብርቼ፣ ማሞቂያ ከፍቼ፣ ዎፈሩን ስለቀው ከበሮው በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ ያደርጋል። ከፊቴ የሚመጡ ሾፌሮች ሰላምታ መስሏቸው መልሰው ያበሩልኛል። ብዙ ወዳጅ አፍርቻለሁ።

ሌላው ችግር የሙዚቃው ነው። መንዝ ይዤው የሄድኩት ዎፈር ሥራ ፈታ። የአገሬ ሰው የሚወደው ማሲንቆ ነው፤ ማሲንቆ ደግሞ ያለው አንድ ክር ነው፣ እሱም ከፈረስ ጭራ የሚሠራ። ድምፁ ቀጭንና ሹል ነው፤ በበሮቹ ስፒከር ገብቶ ያልቃል፣ ከኋላ ወደ ተቀመጠው ጌታ አይደርስም። ስንት ብር የወጣበት ዎፈር ሰርግ ተጠርቶ ጠላ እንዳልደረሰው ዘመድ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ሬጌ የለቀቅኩለት ጊዜማ ተነሥቶ አገር አናወጠ። ከኋላ ወንበር ባናቸውን ተከናንበው ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል ያቆሙት ሽማግሌ፣ እኒያው ፈረስ ቆጣሪው፣ ደረታቸውን ያዝ አድርገው «ይህ የሚመታው የኔ ልብ ነው የመኪናው?» አሉኝ። አጠፋሁት።

እሳቸውን ኋላ ማስገባቱ ራሱ ግማሽ ቀን የሚወስድ ሥራ ነበር። የፊት ወንበሩ ታጠፈ፣ መጀመሪያ ዱላው ገባ፣ ቀጥሎ ባናው ገባ፣ እሳቸው ወደ ኋላ ተመልሰው በጀርባ ገቡ። ከተደላደሉ በኋላ «መግባቱን ገባሁ፤ ማውጣቱ ግን ባንተ ነው» አሉ። መንገዱ ድንጋይ በበዛበት ቁጥር «ሆዷ ይነካል፣ ውረዱልኝ» ማለት ነበረብኝ፤ እሳቸውን ግን ማን ደፍሮ ውረዱ ይላቸዋል? ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ወርደው በእግር እየተከተሉን፣ እሳቸው ብቻቸውን ከዎፈሩ ጋር ተቀምጠው ሄድን።

ዐቢይ ጾም ነበርና ከስልኬ በገና ፈልጌ ለቀቅኩ። እዚህ ላይ ነው ዎፈሩ ለምን እንደተፈጠረ የገባኝ። በገና አሥር ክር አለው፤ በየክሩ ሥር እንዝራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትቀመጣለች፤ ያንን የሚነዝር፣ የሚያጉረመርም ድምፅ የምታወጣው እሷ ናት። በስልክ ሲሰሙት ንብ የገባበት ጣሳ ይመስላል። በዎፈር ሲመጣ ግን ከወለሉ፣ ከወንበሩ፣ ከአጥንት ውስጥ ነው የሚነሣው። ታርጋው እንኳ መንኳኳቱን ትቶ ነዘረ። ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁ። ብዙ ከቆዩ በኋላ «አሁን መኪናህ ሰው ሆነች። በል ቀስ ብለህ ንዳ» አሉኝ። ትእዛዙ የሳቸው ይሁን እንጂ አስፈጻሚው ከፍታው ነበር።

ሴሊካዬን ወደ ሙሉ ጉልበቷ ስትጠጋ አይቻት አላውቅም እንዳልል መርሐቤቴ አለ። መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ለዘመድ ሰርግ ዓለም ከተማ ሄጄ ነበር፣ በሙከጡሪ፣ በለሚ አድርጌ። ከለሚ ወዲያ መንገዱ ወደ ጀማ ወንዝ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በወረድኩ ቁጥር አየሩ እየወፈረ፣ ፈረሶቹ እየተመለሱ መጡ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ለሚ ላይ ከነበሩት ይልቅ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ የሚሆኑ በዝተው ነበር፤ ቤንዚን ነካ ሳደርግ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። ምን ዋጋ አለው፣ የሚያየኝ ሰው የለም፣ ቀጥ ያለ መንገድም የለም። ድልድዩን እንደተሻገርኩ ዳገቱ ጀመረና አንድ በአንድ ተሰናበቱኝ።

የእህቴ ልጅ በዚህ ሁሉ ይስቃል። እሱ የያዘው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ሞተሩ አየር አይተነፍስምና ከፍታ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስንወጣ ያለ አንዳች ድምፅ አልፎኝ ይሄዳል፣ በአራት በር፣ አራት ሰው ጭኖ። «ጋሼ፣ አሁንስ ሸጠህ ግባ!» ይለኛል በመስኮት። እሱ የማያውቀው ነገር ቢኖር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኔዋ የክብር ዕቃ መሆኗን ነው። ደላሎች በየማደያው ይከታተሉኛል።

ባለፈው አንዱን፣ ለመሸጥ ሳይሆን ዋጋዋን ለመስማት ብቻ፣ ጋቢና አስገባሁት። ውስጧን አየ፣ ሊብሬውን አየ፣ ዎፈሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ሁሉ አማን ነው» አለ፣ «ዳገት ላይ ብቻ እንያት።» ወደ እንጦጦ አቀናሁና ቴፑን ከፈትኩት። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ታርጋው ዘፈኑን ሲጀምር ደላላው ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ በሙሉ ጉሮሮው ጮኸ።

«ሞተሩ እንዴት ነው? ይጎትታል?»

«አልሰማሁህም!» አልኩት፣ ድምፁን አንድ ነጥብ ጨምሬ።