ያወቀውን የማይነግር ኤረር

ዲስኩ ግማሹ ባዶ ነው። ተርሚናሉ ግን «በመሣሪያው ላይ የቀረ ቦታ የለም» ብሎ ሥራ አቁሟል። ሊኑክስ ላይ ዌብሳይት ከሚሠሩት ስንቶቹ ይህን አምነው ፊልማቸውን ሰርዘዋል፣ የዳውንሎድ ፎልደራቸውን አራግፈዋል፣ ፎቷቸውን ወደ ፍላሽ አሽሽተዋል! ፕሮጀክቱን መልሰው ሲያስነሱት ያው ኤረር፣ ያው ቃል።

ነገሩ ከዲስክ ጋር አይገናኝም። ኮድ በተነካ ቁጥር ገጹን የሚያድሰው መሣሪያ ፎልደሮቹን እንዲጠብቅለት የሊኑክስን እምብርት፣ ከርነሉን ይጠይቃል። ከርነሉ ለአንድ ተጠቃሚ የሚፈቅደው የጥበቃ ብዛት ደግሞ ገደብ አለው፤ ለብዙ ዓመታት 8192 ነበር። ትልቅ ፕሮጀክት ላይ ኖድ ሞጁልስ የሚባለው ፎልደር ብቻውን ሊጨርሰው ይችላል። ገደቡ ሲሞላ ከርነሉ 28 ቁጥርን ይመልሳል፤ ዲስክ ሲሞላ የሚመልሰውም ይህንኑ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ወደ ቃል የሚቀይረው ላይብረሪ ለ28 ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ስለሆነ እሱኑ ያወጣል። ፋይል የሚመዘገብበት አይኖድ ሲያልቅም፣ ባዶ ቦታው ተርፎ እያለ፣ የሚመጣው ይኸው ነው።

ገደብ መኖሩ አያስከፋኝም። የሚያንገበግበኝ መሣሪያው ምን እንደጠየቀ ማወቁ ነው። ፋይል ልጻፍ አላለም፤ ፎልደር ጠብቅልኝ ነው ያለው፣ እንቢ የተባለውም እሱን ነው። ይህን ሁሉ በእጁ ይዞ ለሰው የሚያቀብለው ግን የተሳሳተ መንገድ የሚያሳይ ዓረፍተ ነገር ነው። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የሚሠሩበት ኖድ ጄኤስ ውሎ አድሮ «የፋይል ጠባቂዎች ብዛት ገደቡ ላይ ደርሷል» ማለት ጀመረ። አንድ መስመር ናት። ያቺ መስመር እስክትጻፍ የባከነውን ሌሊት ማን ይመልሰዋል?

«እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም» የሚለውም ከዚህ አይሻልም። ፋይሉ እዚያው ተቀምጧል፣ በዓይን ይታያል። የታጣው እሱን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ላይ የተጻፈ ስክሪፕት ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ሲሄድ በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ይዞ ይሄዳል። ያ ምልክት በመጀመሪያው መስመር ላይ ካለው የፕሮግራም ስም ጋር ይለጠፋል፤ በዚያ ስም የሚጠራ ነገር ሲፈለግ ይታጣል፤ ከርነሉም 2 ቁጥርን መልሶ ይገላገላል። ጀማሪ ይህን ሲያይ ማሽኑን አይጠረጥርም፣ ራሱን ነው የሚጠረጥረው። ጎበዝ ልጆች «ይህ ሙያ ለእኔ አይሆንም» የሚሉት እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ደርሰው ይመስለኛል፤ አብዝቼ የምናደደውም በዚህ ነው።

መልእክት ማሳጠር ድሮ ምክንያት ነበረው። ኬን ቶምሰን ለዩኒክስ የጻፈው ኢዲ የተባለ ኤዲተር ስሕተት ሲያገኝ አንድ የጥያቄ ምልክት አትሞ ዝም ይል ነበር። ቴሌታይፕ ወረቀት ላይ በዝግታ በሚያትምበት፣ ሜሞሪ በኪሎባይት በሚቆጠርበት ዘመን እያንዳንዱ ፊደል ዋጋ ነበረው። ዛሬ በመቶ ሜጋባይት የሚቆጠር ጭነት ይዞ የሚመጣ መሣሪያ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሲቆጥብብን ምን ይባላል?

ግልጽ መልእክት መጻፍ እንደሚቻልማ አይተናል። ኤልም የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2015 የኮምፓይለሩን መልእክቶች ለሚያነባቸው ሰው ብሎ እንደ አዲስ ጻፋቸው። ረስት የተባለው ቋንቋም ለብዙዎቹ ስሕተቶቹ መለያ ቁጥር ሰጥቶ ሰፊውን ማብራሪያ እዚያው ተርሚናል ላይ፣ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ ኔትወርክ እንደ ልብ ለማያገኝ ሰው ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ፓይተን ቅንፍ ሳይዘጋ ሲቀር ምንም ጥፋት የሌለበትን የሚቀጥለውን መስመር ይወነጅል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 3.10 «ይህ ቅንፍ አልተዘጋም» ብሎ ቅንፉን ራሱን ማሳየት ጀመረ። ቋንቋው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። 30 ዓመት!

የኮድ ለውጥ የሚመዘግብልን ጊት ግን አሁንም ያደክመናል። ፋይላችንን «ሰላም» ብለን በፊደላችን ብንሰይመው፣ የተለወጡትን ፋይሎች ሲዘረዝር «ሰ»ን 341፣ 210፣ 260 አድርጎ ያሳየናል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት ቁጥር። አንድ ሴቲንግ ቢቀየር በትክክል ያወጣዋል፤ ይህን የሚናገር ቃል ግን ከቁጥሮቹ አጠገብ የለም።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ክሎን፣ ማለትም ፕሮጀክትን ከነታሪኩ ማውረድ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ትልቅ ፕሮጀክት የሚያወርድ ሰው፣ የገዛው የኢንተርኔት ጥቅል እያለቀ፣ መጨረሻው አካባቢ ይደርሳል። መስመሩ ለአፍታ ይጠፋል። ጊት «ፋይሉ ያለጊዜው አልቋል» ይልና ስለ «ኢንዴክስ ፓክ» የሚያወራ ሌላ መስመር ይጨምርበታል፤ ከዚያ እስካሁን የወረደውን ጠራርጎ ደምስሶ ይወጣል። ካቆመበት አይቀጥልም። ይህ የአሠራሩ ጉዳይ ነው፤ መለወጡ ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። መልእክቱን መለወጥ ግን ምን ይከብዳል? ያለፈውን ታሪክ ትቶ የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ማውረድ፣ የቀረውን ደግሞ ኋላ ቀስ እያሉ መሳብ እንደሚቻል ጊት ያውቃል፤ ትእዛዙ በውስጡ አለ። የተቋረጠው ግንኙነቱ መሆኑንም ያውቃል። «ግንኙነቱ ተቋርጧል፤ የታሪኩን ጥልቀት በ1 ገድበው ይሞክሩ» ብሎ ቢጽፍ፣ ያ ሰው ሁለተኛ ጥቅል ከመግዛቱ በፊት ያነበው ነበር።